አሳማዎቹና የእናቴ እንስራ

ወጉን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ አሳማ ነክቻለሁ። በጣቴ ጫፍ ሳይሆን በሁለት እጄ፣ ጀርባውን አሽቼ፣ የጆሮውን ጭቃ ጠርጌ ነው የነካሁት። ይህን ሰምቶ ማንበቡን የሚተው ካለ አልቀየመውም፤ መቱ ሳለን ከዚህ የባሰ ፊት ዞሮብናል። አብሮኝ የሚቆይ ግን ወደ አንድ የዐቢይ ጾም ሳምንት ልወስደው ነው። ይህን ታሪክ በሆዴ ይዤው ስዞር ነው የከረምኩት። ዘንድሮ ብዕር እሺ ሲለኝ ጊዜ፣ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ካልወጣሁ ብሎ አላስቀምጥ አለኝ።

ዛሬ የምማረው ጎሬ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነው። ጎሬ ደጋ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ መስኮቱ ላይ ሲለጠፍ የመቱ ሙቀት ይናፍቀኛል። መቱ ወደ ሶር ወንዝ ዝቅ ያለች አገር ስለሆነች፣ ሌሊት ዘንቦ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ መሬቷ ክዳኑ እንደተነሳ ድስት ትተናለች። ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። የቡና ቅጠል ሁሉ ያብረቀርቃል። ሰው “ኡፍ” እያለ በጥላ ጥላ ይሄዳል። ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያ ሙቀት አሁን የምናፍቀውን ያህል አይታወቀኝም ነበር።

አባቴ ከሁሩሙ እስከ ኖፓ ስሙ የታወቀ የበቅሎ ጫኝ ነበር። ከገጠር ቡና እየጫነ ወደ ከተማ ያወርዳል፤ በቅሎዎቹን እንደ ልጆቹ በስማቸው ይጠራል። የጭነት መኪና መንገዱን ሲለምድ ግን የበቅሎ ሥራ እየሳሳ መጣና አባቴ እጁን አጣጥፎ ቤት መዋል ጀመረ። በዚህ ጊዜ ነው ሙሴ ስታቭሮ የተባለ ግሪካዊ ቡና ነጋዴ ያስጠራው። ሰውዬው አዲስ አበባ ላሉ የውጭ አገር ሰዎች ለፋሲካ የሚሸጥ አሳማ ማርባት አስቦ፣ ጠባቂ ፈልጎ አጥቶ ነበር። ማን እሺ ይለዋል?

አባቴ እሺ ያለው በአንድ ቃል ተስቦ ነው። ሙሴ ስታቭሮ፣ “እነዚህን አሳድገህ ለፋሲካው መኪና ካስረከብከኝ፣ ከዚያ በኋላ አሳማ አታይም፤ የቡናው መጋዘን ኃላፊ ትሆናለህ” አለው። መጋዘን ማለት ንጹሕ ሥራ ነው፤ ቁልፍ በወገብ፣ ኮት በትከሻ።

እናቴ አልጮኸችም፣ አላኮረፈችም። ሕግ ብቻ አወጣች። አባቴ ከአሳማዎቹ ሲመለስ ከቤታችን ጀርባ ባለች ጎጆ ልብሱን ይቀይራል፣ ምንጭ ወርዶ ይታጠባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ደጃፍ የሚረግጠው። እሷ ራሷ የአሳማዎቹን አጥር ከሩቅ እንጂ ቀርባ አይታው አታውቅም። ይሁን እንጂ ሕጉ አላዳናትም። የማርያም ማኅበር ነበራት፤ ከጎሬ ተድራ ከመጣች ጀምሮ የምትጠጣው። ተራዋ ሲደርስ የማኅበሩ ታላቅ እትዬ ደብሪቱ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ቁጭ ሳይሉ፣ “የዘንድሮውን እኔ አወጣልሻለሁ፤ አንቺ አትድከሚ፣ ሥራ በዝቶብሻል” አሏት። እንዴት ያለ ትሕትና! እናቴም “እግዜር ይስጥልኝ እትዬ” አለች። እሳቸው ከሄዱ በኋላ የተለቀመውን ምስር ደግማ ስትለቅም አመሸች። አባቴም ይህንን አይቶ ነው ቀኑን መቁጠር የጀመረው፤ አሳማዎቹ መኪና ላይ ከወጡ እሱ መጋዘን ይገባል፣ እሷም ማኅበሯን ታወጣለች። የቤታችን ተስፋ በሙሉ በደርዘን የማይሞሉ አሳማዎች ጀርባ ላይ ተጭኖ ነበር ማለት ነው።

አሳማዎቹ ሲመጡ በቅርጫት የሚያዙ ግልገሎች ነበሩ። ሙሴ ስታቭሮ ቆርቆሮ አስመጥቶ ጣሪያ አሠራላቸው። እኛ በሣር ቤት እነሱ በቆርቆሮ! ከተማው ስቆ አላባራም። ጎረቤታችን ኦቦ ተሊላ፣ ከብትና በቆሎ ያላቸው ሽማግሌ፣ ባለፉ ቁጥር ይቆማሉ። “እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቦዬን ከበቆሎዬ ሳባርር ኖርኩ፤ አንተ በቆርቆሮ ቤት አስገብተህ በቆሎ ትቀልባለህ፤ ከሁለታችን ያበደው ማነው?” ይላሉ። ቦዬ የዱር አሳማ ነው፣ በኦሮምኛ። አባቴም፣ “እርስዎ በነጻ ያባርራሉ፣ እኔ ተቀጥሬ እቀልባለሁ” ይላል፤ ይሳሳቃሉ።

እኔ ምግባቸውን እስከ አጥሩ አደርሳለሁ። መንካት አልተፈቀደልኝም፤ ስም ማውጣት ግን ማንም አልከለከለኝም። አንደኛው ሆዱን አስቀድሞ፣ ግራ ቀኙን እየገላመጠ፣ ሌሎቹን በትከሻው ገፍቶ ነው ወደ ገንዳው የሚሄደው። ባላምባራስ አልኩት። አባቴ ሲሰማ ደነገጠ። “ከተማው ውስጥ የእውነት ባላምባራስ አሉ እኮ! ልታሳስሪኝ ነው?” አለኝ። ከዚያ ወዲያ በሹክሹክታ ጠራሁት። በሹክሹክታም ቢሆን ይመጣ ነበር።

በታኅሣሥ ብርድ እንዴት እንደሚተኙ ትዝ ይለኛል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው፣ እንደ ጆንያ ተከምረው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ ነው ነገሩ የተጀመረው። መኪናው እሑድ ሊመጣ ሙሴ ስታቭሮ እሱን ለማምጣት በደሌ ሄዷል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ያቺ የማውቃት ፀሐይ ወጣች። የገብስ ንፍሮውን ይዤ ስደርስ አባቴ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። የትናንቱ ምግብ ገንዳው ውስጥ እንዳለ ነው። አሳማዎቹ ተንጋለዋል፤ አፋቸው ተከፍቶ፣ ጎናቸው እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይነፋል ይሟሽሻል። ባላምባራስን በሹክሹክታ ጠራሁት። ጆሮውን ብቻ አንቀሳቀሰ።

“ምን ሆኑ አባባ?”

“እንጃ። ትናንትም አልበሉም። ዛሬ ደግሞ ትንፋሽ ጨምረዋል።”

ኦቦ ተሊላ ተጠሩ። የዚያን ዕለት አልቀለዱም። አጎንብሰው ጎናቸውን አዩ፣ ትንፋሻቸውን አዳመጡ፤ ከዚያ “ቆራ ነው” አሉ። “ብርድ ነው። ዝናብ ሲያድር እርጥበቱ ሳንባቸው ገብቷል። ጥጃም እንዲህ ሲያደርገው አውቃለሁ። ነፋስ እንዳይነካቸው ዝጋው፣ እሳት አንድድላቸው፣ ጭስ ይጠጡ።”

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ አትፍረዱባቸው። በእኛ አገር ልጅ ሲያልበው በር ይዘጋል። ነፋስ መታው ይባላል። ዝናብ የነካው ይጠቀለላል። ከእርጥበትና ከነፋስ ያልጠበቀችን እናት የለችም፤ እኔም በዚያ ተጠቅልዬ ነው ያደግሁት። አባቴም አሳማዎቹን ስለወደዳቸው እንደ ልጆቹ አደረጋቸው። በሳንቃው መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ በኮባ ቅጠል ወተፈ፤ በሩን በሰሌን ጋረደ፤ በገል ፍም አድርጎ እርጥብ ቅጠል ጨምሮ አስገባላቸው። እኔ ቅጠሉን አቀባይ ነበርኩ። ወደ ውስጥ ባየሁ ጊዜ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ከቆርቆሮው ጠብታ ይወርድ ነበር። ውጭው ደረቅ ሆኖ ቤቱ ውስጥ ይዘንባል።

አመሻሽ ላይ አንድ ነገር ተሰበረና አባቴ ሮጠ። ባላምባራስ የታችኛውን ሳንቃ ገፍቶ ጥሎ ወጥቷል። እስኪጨልም ፈልገን አጣነው። አባቴ ቀዳዳውን በድንጋይ ደፈነው።

ዓርብ ጠዋት ከሁሉ ታናሿ ሞታ ተገኘች።

አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በበቅሎ ዘመኑ ገደል የገባ ጭነት ሲያወጣ እንኳ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም። እናቴ እስከ ቡናው ዛፍ ድረስ መጣች፤ ከዚያ አላለፈችም።

“የጥሩወርቅ አባት፣ ሞተ ይላሉ፤ እውነት ነው?”

“አንዷ። ሌሎቹም እስከ ማታ የሚቆዩ አይመስለኝም።”

“ካለቁስ?”

“ካለቁማ መጋዘን የለም። ሌላ ግልገል ያመጣል፤ እኔም እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። አንቺም…” አለና ተወው። ምን ሊል እንደነበር ሦስታችንም ገብቶናል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤት ተመለሰች።

እኔ ያመለጠውን ፍለጋ ተላክሁ። ከቤታችን በታች ወደ ሶር የምትወርድ ምንጭ አለች፤ አጠገቧ ትልቅ ሾላ አለ፣ ሥሩ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። ዳገቱን እየተንሸራተትኩ ስወርድ አንድ የሚያንኮራፋ ነገር ሰማሁ። ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባላምባራስ ነው፤ ጭቃው ውስጥ እስከ አንገቱ ተቀብሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ጌታ ሰው ተንጋሏል። ሞቷል ብዬ ቀረብኩ። አንድ ዓይኑን ገልጦ አየኝና መልሶ ጨፈነ።

ቁጭ ብዬ ትንፋሹን ተመለከትኩ። ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ወናፉ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ያደረው፣ ነፋስ የነካው፣ ጭቃ የተኛው እሱ ነው። ብርድ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ መሞት የነበረበት እሱ ነው። ያኔ ነው የከለከሉኝን የተላለፍኩት፤ እጄን ጀርባው ላይ አደረግሁ። ይቀዘቅዛል። ጆሮው ይቀዘቅዛል። ደስ የሚል ቅዝቃዜ፣ እንደ ጠዋት ድንጋይ።

እና ታኅሣሥ ትዝ አለኝ። ሲበርዳቸው ይደራረባሉ። እነዚያ ቤት ውስጥ ያሉት ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ አንዱ ከሌላው የቻለውን ያህል ርቆ ነው የተኙት። ማን ነው ሲበርደው ከወንድሙ የሚሸሸው?

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። አባቴና ኦቦ ተሊላ እሳቱ ላይ ቅጠል ሊጨምሩ ነበር።

“አባባ፣ ብርድ አይደለም። ሙቀት ነው። ክፈቱላቸው።”

“ሂጂ ወዲያ ልጄ” አለ አባቴ፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም። “በላያችን የወረደውን አታዪም? ያ ያመለጠውስ?”

“ጭቃ ውስጥ ነው። ደህና ነው። ነክቼዋለሁ፣ ገላው ቀዝቃዛ ነው።”

ነክቼዋለሁ ያልኩት ከአፌ አመለጠኝ። አባቴ እጄን አየ፤ እስከ ክርኔ ጭቃ ነው። እኔ ግን አላቆምኩም። የታኅሣሡን መደራረብ፣ የዛሬውን መራራቅ፣ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ጠብታ፣ ሁሉንም ያለ ትንፋሽ ነገርኩት። ትልቅ ሰው ፊት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም ነበር። ስጨርስ አባቴ ወደ ኦቦ ተሊላ ዞረ።

ኦቦ ተሊላ ጺማቸውን ያዙ። “ያ ኢንተላ” አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። “እኔ ቦዬን በቀትር የት ነው የማገኛት?” ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መለሱ። “ረግረግ ውስጥ። ውሻዬ እንኳ ያውቃል። ዱጋ ነው፣ እውነቷን ነው። እኔ ሽማግሌው አሳማውን ጥጃ አደረግሁት።”

አባቴ የመጀመሪያውን ሰሌን በእግሩ መታው።

ከዚያ የሆነው ጦርነት ነው። የኮባውን ቅጠል ነቀልን፣ ገሉን አወጣን፣ አባቴ በነፋሱ በኩል ያለውን ሳንቃ በመጥረቢያ ገነጠለ። ኦቦ ተሊላ ከቤታቸው መሰላል አስመጥተው ለጎተራ ክዳን ያጨዱትን ሣር ቆርቆሮው ላይ በተኑ። አሳማዎቹን ወደ ምንጩ ለመንዳት ሞከርን፤ አንዱ ተነስቶ ጥቂት ተራመደና ወደቀ። መሄድ ካልቻሉ ውሃው መምጣት አለበት። እኛ ግን ያለን አንድ ባልዲና አንድ ቅል ነበር። ምንጩ ታች ነው፤ ዳገቱ ያዳልጣል። አንዱን አርሰን ወደ ሌላው ስንዞር የመጀመሪያው ይደርቃል። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ይቆማል፣ ያያል፣ ይሄዳል። አንዲት ሴት ባዶ እንስራ አዝላ ስታልፍ አባቴ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እንዴት ብሎ ይለምናታል? አሳማ የነካ እንስራ ተመልሶ ቤት አይገባማ።

ከባልዲው ጋር ስታገል ነው ከኋላዬ የእግር ኮቴ የሰማሁት። ዞር ስል እናቴ ናት፤ እንስራዋን አዝላ።

ስለዚያች እንስራ ልንገራችሁ። አያቴ ለእናቴ ስትዳር የሰጠቻት ናት፤ አንገቷ ላይ እንደ ማተብ የዞረ ጌጥ አላት። እናቴ ሙሽራ ሆና ከጎሬ መቱ ስትወርድ ጓዙ ሁሉ በቅሎ ላይ ሲጫን፣ እሷን ግን ለበቅሎ አታምንም ነበርና ሰው አሸክማ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ነው ያመጣቻት። እኔ እንድሸከማት እንኳ አይፈቀድልኝም ነበር።

አባቴ አያት። “አንቺ፣ ምን እያደረግሽ ነው?” አላት።

“ውሃ አምጥቼ ነዋ።”

“እንስራሽ እኮ ነው።”

“አውቃለሁ የማን እንስራ እንደሆነ። የቱ ጋ ላፍስሰው?”

አጥሩን ተሻገረች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንዱ አሳማ አጠገብ ቆማ ከጀርባዋ አወረደችና ከጆሮው እስከ ጭራው ቀስ አድርጋ አፈሰሰችለት፤ ሕፃን እንደምታጥብ። አሳማው አቃሰተ። እናቴ አማተበች፤ ደግሞ ወደ ምንጩ ወረደች። ጾመኛ ነበረች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች አላውቅም። የማውቀው ነጠላዋ ጭቃ ሆኖ፣ ጸጉሯ ከሻሽዋ አምልጦ፣ “እዚያኛው ጋ አልደረሰም፣ ያንን ተውት እንዴ?” እያለች ሁላችንንም ስታዝዘን እንደነበር ነው። ኦቦ ተሊላ በጉንጫቸው ሳቅ ይዘው፣ “ባላምባራሱ ቢያመልጥ ደጃዝማቹ መጡ” ብለው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ለካ ስሙን ያውቁት ኖሯል።

ወደ ማታ ከሶር በኩል ነፋስ ተነሳ። በተገነጠለው ሳንቃ ገብቶ በወዲያ ወጣ። እርጥብ ጀርባቸውን ሲነካው ቆዳቸው ሽምቅቅ ሲል በዓይኔ አየሁ። ውሃው ብቻውን ብዙ አልሠራም ነበር፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ነው ትንፋሻቸው መውረድ የጀመረው። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን የሚፈሯቸው ሁለቱ፣ እርጥበትና ነፋስ፣ በአንድ ላይ መጥተው ሐኪም ሆኑ።

ያን ማታ እናቴ ምንጭ ወርዳ ታጠበች፤ እንስራዋን ሾላው ሥር አስቀምጣ ባዶ እጇን ተመለሰች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

ቅዳሜ ጠዋት የነቃሁት በድምፅ ነው። ከአጥሩ ማዶ የሚሰማ የማላመጥ ድምፅ። እየበሉ ነበር! አባቴ ገንዳው አጠገብ ቆሞ ይስቃል፣ ዓይኑንም ይጠርጋል። ባላምባራስም በራሱ ፈቃድ ተመልሶ፣ በትከሻው እየገፋ ቦታውን ይዟል።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ የዘንባባ ቀለበቴ ጣቴ ላይ እንዳለ፣ መኪናው ደረሰ። ሙሴ ስታቭሮ ገና ሳይወርድ ጣሪያውን አየና ጮኸ። “ቆርቆሮዬን ማነው ሣር ያለበሰው? ግድግዳዬስ?” አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ “ልጄ ናት” አለው። ማሳጣቱ አልነበረም፤ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። ነገሩን ሁሉ ዘረዘረለት፤ የሞተችውንም አልደበቀም። ሙሴ ስታቭሮ አዳመጠ፣ እኔን አየኝ፣ ጣሪያውን አየ፤ ከዚያ ለአባቴ እጁን ሰጠው። ባላምባራስ መኪናው ላይ የወጣው ማንም ሳይነዳው፣ በቆሎ አስቀድሜለት ነው። የት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ያን ዕለት በበዓል ቀን አለቀስኩ፤ አባቴም እንዳላየኝ ሆነ።

በሳምንቱ የነፍስ አባታችን መጥተው ቤቱን ጠበል ረጩት። አባቴ መጋዘን ገባ። በግንቦት የማርያም ዕለት ታልፎባት የነበረው የእናቴ ተራ ተመለሰላት።

ሴቶቹ ሁሉ መጡ። ተቀመጡ፣ ተጸለየ፣ ጠላ መቀዳት ተጀመረ። ነገሩ ሁሉ ደህና ሲሄድ እትዬ ደብሪቱ ወደ ጓዳው አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። እዚያ አዲስ እንስራ ቆሟል፤ ጌጥ የሌለው፣ የገበያ።

“ያቺ የእናትሽ እንስራ የት ሄደች?” አሏት።

ተሰበረች ብትል ምን ነበረበት? እንስራ ይሰበራል፤ ማንም አይጠይቅም። እናቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀና አለች።

“አሳማ አጠብኩባት” አለች።

አንዷ ኩባያዋን አስቀመጠች። እናቴ አልተቀመጠችም፣ አላጎነበሰችም፤ እዚያው ቆማ እትዬ ደብሪቱን ታያቸዋለች። እሳቸውም ያይዋታል። ያቺ ጊዜ ረዘመችብኝ።

“ተረፉ?” አሉ እትዬ ደብሪቱ።

“ተረፉ።”

“እንግዲያው ምን ቆመሽ ታይኛለሽ፤ ቅጂልኝ እንጂ” ብለው ኩባያቸውን ዘረጉ።

የጎሬው የሳይንስ አስተማሪያችን በቀደም ስለ እንስሳት ሲያስተምሩን፣ አሳማ እንደ እኛ አያልበውም አሉ። አየሩ ሲሞቅና ሲረጥብ ሙቀቱን የሚያወጣበት ትንፋሹ ብቻ ነው፤ ምግብም የሚተወው መብላት ከውስጥ ስለሚያሞቀው ነው አሉ። ክፍሉ ሁሉ ስለ አሳማ በመነገሩ ሲሳሳቅ እኔ እጄን አነሳሁ። “ሲሞቃቸውም ተራርቀው ይተኛሉ” አልኩ። እንዴት አወቅሽ ሲሉኝ “አይቼ” አልኩ። ከዚህ በፊት ክፍል ውስጥ እጅ አንስቼ አላውቅም ነበር።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ያ ዓርብ ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ መልሴ ይህ ነው። ሁሉም አዋቂ አንድ ነገር ሲል የኔ ዓይን ሌላ ነገር ሊያይ እንደሚችል፣ ያየሁትንም ብናገር አባቴ ሰሌኑን በእግሩ ሊመታ እንደሚችል አወቅሁ። ይህን የምጽፈውም በዚያው ድፍረት ነው። ሌላም አለ። እናቴን እስከዚያ ድረስ ሰው ምን ይለኛል የምትል ሴት አድርጌ ነበር የማያት። እስከዚያ ድረስ አላየኋትም ማለት ነው።

ባለፈው እረፍት መቱ ወርጄ ነበር። የአሳማዎቹ ቤት ፈርሷል። ቆርቆሮውን ሙሴ ስታቭሮ ለአባቴ ሰጥቶት አሁን የኛ ቤት ላይ ነው። ሲመኙት የኖሩት ነገር! እናቴ ግን ዘንቦ ፀሐይ በወጣ ቁጥር በርጩማዋን ይዛ ጥላ ፍለጋ ትወጣለች። “በቁሜ ተቀቀልኩ፤ እነዚያ ምስኪኖች ይህን ነው የቻሉት?” ትላለች።

ወደ ምንጩ ወረድኩ። እንስራዋ ሾላው ሥር እንዳለች ናት። አረንጓዴ ሻጋታ ለብሳለች፤ የአንገቷ ጌጥ ግን ይታያል። እስከ አፏ የዝናብ ውሃ ሞልታለች፤ የሾላ ቅጠል ተንሳፎባታል። ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ሽሮ እያማሰለች ነበር።

“ተሰነጠቀች?” አለችኝ፣ ሳትዞር።

“አልተሰነጠቀችም እማዬ። ውሃ ይዛለች።”

“ጥሩ ሸክላ ነበረች” አለች፤ ማማሰሏንም ቀጠለች።